የልጄን እጅ ለያዘችው ሲስተር

ባሕር ዳር ያላችሁ እናቶች፣ እስቲ ይቺን አንብቡልኝ።

የ16 ዓመት ልጅ አለችኝ። ስምንት ወር ሙሉ ከምግብ በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ ትቆያለች። ጠዋት ስነሳ የመሶቡ እንጀራ የለም፤ እኔ የምቆጣው ወንድሟን ነበር። ጉንጯ ሥር ሲያብጥማ ጆሮ ደግፍ ነው ብዬ ቅጠል ለጠፍኩላት!

የዞርንበትን አታንሱብኝ። አንዱ ጋ ጨጓራ ነው ተብሎ የሁለት ወር መድኃኒት ገዛሁ። ሌላው ጋ ወረፋ ጠብቀን ውለን፣ ሰውዬው ገና ወንበር ሳንይዝ «አልከሳች፣ ምን ሆነች?» ብሎ ሳቀ። ልጄ እየሰማች።

በመጨረሻ ጎረቤቴ ከጊዮርጊስ አለፍ ብሎ ካለች ትንሽ ክሊኒክ አንዲት የአእምሮ ጤና ነርስ ጠቆመችኝ። «የአእምሮ» ስትለኝ ደነገጥኩ፣ አልዋሽም። ሲስተር ስለ ኪሎ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። የልጄን እጅ ይዛ ጣቶቿ መገጣጠሚያ ላይ ያለውን ጠባሳ ዳበስ አደረገችና «በጣም ደክሞሻል አይደል፣ የኔ እናት?» አለቻት። ልጄ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እኔ እኮ ያንን ጠባሳ ከሰል ያቃጠላት መስሎኝ ነበር።

ሕመሙ ቡሊሚያ ይባላል፤ በአንዴ ብዙ በልቶ፣ እንዳይወፍሩ ፈርቶ ጣት ጉሮሮ ከትቶ ማስመለስ ነው። ጠባሳውም ጥርሷ እየነካት የመጣ ነው። ዕለቱን ደምና ልቧን አስመረመረች፤ ማስመለስ ሲበዛ ፖታሲየም የሚባለው በደም ውስጥ ያለ ማዕድን ይወርድና ልብ ይረብሻል አለች። እውነትም ወርዶ ተገኘ፣ ሐኪም አክሟታል። የቀረውን ብዙም አልገባኝ።

እኔን ግን አልወቀሰችኝም። «ሕመሙን ያመጡት እርስዎ አይደሉም፤ ለመዳኗ ግን ያስፈልጉኛል» አለችኝ። አሁን ቁርስ፣ ምሳ፣ መክሰስ፣ እራት በሰዓቱ አብረን ነው። ከበላን በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ከአጠገቧ አልነሳም። ካስመለሰች ቁጣ የለም፤ አፏን በውሃ ትጉመጠመጣለች፣ ጥርሷን ወዲያው አትቦርሽም። ስለ ጾሙ የንስሐ አባታችንን አማክሩ አለችን፣ አባም ለሕመምተኛ ፈቅደዋል። ጸበሉንም «መጠመቁ ይቀጥል፣ እየጠጡ ማስመለሱ ብቻ ይቆየን» ነው ያለችው። እምነታችንን ሳትንቅብን!

አምስተኛ ወራችን ነው። ባለፈው ሳምንት አንዴ አስመልሳለች፤ ግን ራሷ መጥታ ነገረችኝ።

የሲስተርን አድራሻ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ለሁላችሁም እሰጣለሁ። ሂዱ፣ እባካችሁ ሂዱ፤ ልጄ አልከሳችም ብላችሁ አትጠብቁ።

ሲስተርዬ፣ ይቺን ካየሽ፦ ቅዳሜ ጣና ዳር አሳ ጉላሽ በልታ፣ ሳትነሳ ከወንድሟ ጋር ካርታ ስትጫወት መሸ።