«ለሁሉም ታብሌት ይሆናል» የተባለ እስክሪብቶ ከመግዛታችሁ በፊት

«ኦሪጅናል ስታይለስ፣ ለአይፓድም ለሳምሰንግም ለቴክኖም ይሆናል፣ ጫን ሲሉት ያደምቃል» የሚል ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ ካያችሁ እለፉት። ለሁሉም የሚሆን ከሆነ ጫን ሲሉት መስመሩን አያደምቅም።

ግፊት የሚለካ እስክሪብቶ ብቻውን አይሠራም፤ የሥራው ግማሽ ያለው ታብሌቱ ውስጥ ነው። የሳምሰንግ ኤስ ፔን ያለ ባትሪ የሚጽፈው ከስክሪኑ ሥር ከተዘረጋው፣ ዋኮም የተባለው ኩባንያ ቴክኖሎጂ ከሆነው ንጣፍ ኃይል ስለሚያገኝ ነው። ጋላክሲ ታብ ኤስ6 ላይት ንጣፉ አለው። ታብ ኤ9 እና ኤ9 ፕላስ የላቸውም፤ እነሱ ላይ ኤስ ፔን ከእንጨት አይሻልም።

«ለሁሉም» የሚባለው ዕቃ ግን ስክሪኑን ጣት የነካው እያስመሰለ ነው የሚሠራው። ታብሌቱ እስክሪብቶውን ከመዳፍ ስለማይለይ እጃችሁን ስታሳርፉ ገጹ ይንሸራተታል፣ ወይም መዳፋችሁ ይጽፋል። (የሁለት ጣት ጓንት «በስጦታ» የሚጨመረው ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።) ሱቅ ውስጥ ለመለየት ማስመሪያ አስጠግታችሁ ሰያፍ መስመር በጣም በዝግታ አስምሩ። መስመሩ እንደ ሞገድ ከተወላገደ ለሥዕል አይሆናችሁም።

ለአይፓድ ብቻ የተሠሩ ኮፒዎች ከዚህ ይሻላሉ። መዳፍ ይለያሉ፣ ብዙዎቹ ሲጋደሉም ያጠቁራሉ፤ ግፊት ግን አያውቁም። ለክፍል ማስታወሻ ይበቃሉ፣ በኮፒ ዋጋ ከተሸጡ። ጉዳቱ እንደ አፕል ፔንስል (የአፕል የራሱ እስክሪብቶ) ታሽገው በኦሪጅናል ዋጋ ሲመጡ ነው። አይፓዱ ጎን ላይ ሲለጠፍ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው የቻርጅ ምልክት አያሳምናችሁ፤ ኮፒውም ያወጣዋል። ኖትስ የተባለውን የማስታወሻ መተግበሪያ ክፈቱ፣ እርሳሱን ምረጡ፣ ሳታጋድሉ አንዴ በስሱ አንዴ ጫን አድርጋችሁ ጻፉ። ሁለተኛ ትውልድ አፕል ፔንስል ወይም አፕል ፔንስል ፕሮ ነው የተባለው ካልደመቀ ኮፒ ነው። በ2023 የወጣው የዩኤስቢ ሲ አፕል ፔንስል ግን ኦሪጅናሉም ግፊት የለውም፤ ሠዓሊ ባይገዛው ይሻላል።

ኦሪጅናልም ሆኖ ገንዘብ የሚበላው አለመግጠም ነው። አይፓድ ኤር ኤም2 እና አይፓድ ፕሮ ኤም4 ሁለተኛውን ትውልድ ፔንስል አይቀበሉም፤ የሚቀበሉት ፕሮውንና የዩኤስቢ ሲውን ብቻ ነው። አሥረኛው ትውልድ አይፓድ ደግሞ የዩኤስቢ ሲውን፣ ወይም የመጀመሪያውን ከነማገናኛው ይወስዳል። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ለሚያመጣላችሁ ዘመድ «አይፓድ ነው ያለኝ» አትበሉት። ሴቲንግስ፣ ጄኔራል፣ አባውት ገብታችሁ የሞዴል ቁጥሩን ስትነኩት በ«ኤ» የሚጀምር ቁጥር ይወጣል፤ እሱን ላኩለት።

ያገለገለ ስትገዙ ዋናው ጥያቄ ባትሪው ነው። ለወራት ሳይሞላ የተቀመጠ አፕል ፔንስል ባትሪው ሊሞት ይችላል፣ ተከፍቶ የሚቀየር አይደለም። «ቤት ስትገቢ ቻርጅ አድርጊው» ቢሏችሁ እዚያው ይሞላ በሉና ጠብቁ፤ መቶኛው ሲጨምር ሳታዩ አትክፈሉ። መስመሩ እየተቆራረጠ ከጻፈ ግን ወዲያው አትመልሱት፤ ጫፉ ላልቶ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ወደ ቀኝ አጥብቁት።