ጅማ ውስጥ ቮልስ ያላችሁ፦ «ሙሉ የዲስክ ኪት» ተብሎ የሚሸጠውን ሳትለኩ እንዳትቀበሉ

ከታምቡር ፍሬን ወደ ዲስክ ለመቀየር «አዲስ ነው፣ ኦርጂናል ጀርመን ነው» እየተባለ እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ የሚሸጠው የቮልስ ኪት አዲስም ኦርጂናልም አይደለም። ያለቀ ዲስክ (ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት) በጥቁር ቀለም ተቀብቶ ነው። ያጭበረበሩኝ በመስታወት ወይም በፍሬቻ ቢሆን ኖሮ ተናድጄ ዝም እል ነበር። ይህ ግን ቤተሰብ ተጭኖ በአዲስ አበባ መንገድ የጊቤ ቁልቁለት ላይ የሚረገጥ ፍሬን ነው።

የሱቁን ዓይነት ታውቁታላችሁ። መደርደሪያው ላይ የዘይት ጣሳና የባጃጅ ዕቃ ተደርድሯል፤ ሌላው ሁሉ «ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ነገ ይገባል» ነው። ፎቶ በቴሌግራም ይልካሉ፣ ግማሹን በቅድሚያ ይቀበላሉ፣ ዕቃው ሲመጣ ቀሪው ካልተከፈለ ካርቶኑን አይከፍቱም። መግጠሙንም «የኛ መካኒክ አለ» ይላሉ። እስከዚህ ድረስ አዲስ ነገር የለም።

ጉዱ የወጣው ካርቶኑ ባንኮኒው ላይ ሲከፈት ነው። ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ መሳቢያ ገብቷል። ሻጩ ልጅ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ «ጋሼ፣ አይስጉ፣ ለእርስዎ መጥፎ ዕቃ አንሰጥም» ሲል ነበር። መጀመሪያ የወጣው ዲስክ ፓዱ (ፍሬን ሲረገጥ ዲስኩን ቆንጥጦ የሚይዘው) የሚነክሰው ፊቱ ሳይቀር ጥቁር ተቀብቷል። የፋብሪካ ቅብ አይደለም፤ ሽታው ገና አልለቀቀም፣ በጥፍር ሲፋቅ ይነሳል። ከቀለሙ ሥር ክብ ክብ ጭረት አለ። ዲስክ ሲያልቅ ጠርዙ ላይ የሚቀረውን ከፍታ ደግሞ በመሞረጃ በልተውታል፤ የመሞረጃው አሻራ ግን ዙሪያውን ይታያል። ውፍረት መለኪያው ቬርኒየር ሲገባ 8.2 ሚሊ ሜትር አነበበ።

በ1500 ቮልስና በካርማን ጊያ ላይ የሚገጠመው ዲስክ አዲስ ሲሆን 9.5 ሚሊ ነው። 8.5 ሲደርስ ይጣላል። ይህ ከተጣለበት ተለቅሞ የመጣ ነው።

«ይሄ እኮ ያለቀ ዲስክ ነው፣ 8.2 ነው» ስለው ልጁ ቬርኒየሩን እንኳ አላየውም። «አንድ ሚሊ ምን ያደርጋል?» አለ። ባለቤቱ ከኋላ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ምን ሆነሃል አንተ? በአሮጌ ቮልስ ውድድር ልትገባ ነው? ስንቱ ገጥሞ እየነዳ ነው» አለ። ልጁ ሳቀ። ገንዘቤን መልሱ ስል «የተከፈተ ካርቶን አይመለስም»! ከፍቶ ያሳየው ራሱ ልጁ ነው፤ ሳይከፈል አይከፈትም ያሉትም እነሱ ናቸው። ደረሰኝ ስጠይቅ «በትዕዛዝ ለመጣ ዕቃ ደረሰኝ የለም» ተባለ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ለሸማች ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ይህን ስነግራቸው መልስ የሚሰጥ አልነበረም፤ ባለቤቱ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

አንድ ሚሊ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። ፍሬን ሲረገጥ የመኪናው ሩጫ ወደ ሙቀት ይቀየራል፤ ያንን ሙቀት ቀድሞ የሚሸከመው የዲስኩ ብረት ነው። ከ9.5 ላይ 1.3 ሚሊ ሲነሳ ከሰባት አንድ እጁ ብረት ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ቶሎ ይግላል፣ ይጣመማል፣ ፔዳሉም እግር ሥር ይንቀጠቀጣል። ዲስኩ በሳሳ መጠን የካሊፐሩ (ፓዶቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል) ፒስቶን ከቤቱ ራቅ ብሎ ይወጣል፤ ፓዱ ደግሞ ሲያልቅ ፒስቶኑ ዘይቱን የሚያግደውን ጎሚኒ እስከማለፍ ሊደርስና ዘይቱ ሊፈስ ይችላል። ሙቀቱ በፒስቶኑ በኩል ወደ ፍሬን ዘይቱ ይገባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን ያ ወሰን 140 ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ የጅማን ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሰኮሩን አልፋችሁ ወደ ጊቤ ስትወርዱ ዘይቱ ከፈላ ቱቦው ውስጥ ያለው እንፋሎት ነው፤ እንፋሎት ይታመቃል እንጂ አይገፋም። ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው አይቆምም።

ከካርቶኑ የወጣው ቀሪም ከዲስኩ የተሻለ አልነበረም። ሁለቱም ካሊፐሮች የግራ ናቸው። የግራውን ቀኝ ላይ ከገጠማችሁት አየር የሚወጣበት የማስተንፈሻው ቡሎን ወደ ታች ይዞራል። አየር ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚሰበሰበው፤ ስለዚህ አሥር ጊዜ ብታስተነፍሱም አየሩ ከላይ ተቀምጦ ይቀራል፣ ፔዳሉም እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። ልጁ ለዚህም መልስ ነበረው፦ «መካኒኩ ደጋግሞ ሲረግጠው ይጠነክራል»። ደጋግሞ ሲረገጥ የሚጠነክር ፔዳል አየር ያለበት ፔዳል ነው። ድንገት ልጅ መንገድ ሲያቋርጥ ደጋግሞ የሚረግጥ ማን አለ?

የፍሬን ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ) ደግሞ የታምቡር ነው። ከውጭ ሲታይ ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የታምቡር ማስተር መስመሩ ላይ ትንሽ ግፊት አስቀርቶ የሚይዝ ቫልቭ አለው። ታምቡር ላይ ጥሩ ነው፤ ሞላዎቹ ሸራውን መልሰው ስለሚስቡት የቀረው ግፊት የሲሊንደሩ ጎሚኒ እንዳይላላ ያደርጋል። ዲስክ ላይ ግን መላሽ ሞላ ስለሌለ ያ ግፊት ፓዱን ዲስኩ ላይ አስደግፎ ያውለዋል። ፓድ ይበላል፣ ዲስኩ ይግላል፣ መኪናውም ቤንዚን ይጨርሳል። መግዛት ያለባችሁ ለፊት መስመር ይህ ቫልቭ የሌለውን፣ ባለ ሁለት መስመሩንና የውስጡ ስፋት 19.05 ሚሊ የሆነውን ነው። አሮጌው ባለ አንድ መስመር ማስተር ካለባችሁ ዲስኩ ቢቀርም እሱን ቀይሩ፤ አንዲት ቱቦ ስትፈነዳ አራቱንም ጎማ ያለ ፍሬን ያስቀራል።

የግራው የኩሽኔታ ክዳን እንኳ ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ የለውም። የቮልስ የፍጥነት መለኪያ ሽቦ የሚዞረው በዚያ ቀዳዳ በኩል ከግራ ፊት ጎማ ነው። ኪቱን የሰበሰበው ሰው ቮልስ ቀርቦ አያውቅም።

ገጣጠሙ ላይ መካኒኮቻችን ከሚዘሉት ዋናው የፔዳሉ ነጻ ጨዋታ ነው። ማስተሩን በሚገፋው ዘንግና በፒስቶኑ መካከል 1 ሚሊ ክፍተት ይኑር፤ ፔዳሉ ጫፍ ላይ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ይሆናል። ክፍተት ከሌለ ፒስቶኑ የዘይት መመለሻዋን ቀዳዳ ዘግቶ ይቀመጣል፤ ዘይቱ ሲሞቅ የሚሄድበት አጥቶ ፍሬኑ በራሱ ይይዛል። የፊት ኩሽኔታውን ጥርቅም አድርጎ ማሰርም ስሕተት ነው፤ ከ0.03 እስከ 0.12 ሚሊ ጨዋታ ይፈልጋል። የጎማ ቱቦዎቹ አዲስ ይሁኑ፣ መሪው ሙሉ በሙሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዞሮም እንዳይወጠሩ ይታዩ። ዘይቱ ዶት 4 ይሁን። ስታስተነፍሱ ከቀኝ ኋላ ጀምሩ፣ ቀጥሎ ግራ ኋላ፣ ከዚያ ቀኝ ፊት፣ መጨረሻ ግራ ፊት። ከማስተንፈስ በፊት የኋላው ታምቡር ሸራ ይጠጋ፤ የማስተካከያው ጥርስ ጎማው እስኪከብድ ይዞርና ሁለት ወይም ሦስት ጥርስ ይመለስ። ይህ ካልተሠራ ፊቱ ምርጥ ዲስክ ሆኖም ፔዳሉ ወርዶ ነው የሚይዘው። ሲያልቅ ሜዳ ላይ ሞክሩ፣ ከዚያ ከጅረን ኮረብታ ውረዱበትና ቸርኬዎቹ አጠገብ እጃችሁን አስጠጉ። አንዱ ፊት ከሌላው በጣም ከጋለ ፓዱ እየያዘ ነው።

ለትክክለኛ ኪት ገንዘቡ ካልደረሰ ታምቡሩን አሳድሱ። አራት አዲስ ሲሊንደር፣ ጥሩ ሸራ፣ አዲስ ቱቦና አዲስ ዘይት ያለው የተስተካከለ ታምቡር ቮልስን ያቆማል። ከእነዚህ ሰዎች ዲስክ በእጅጉ ይሻላል።

የምትገዙ ካላችሁ ቬርኒየር ይዛችሁ ሂዱ፣ ካርቶኑ ሳይከፈት ቀሪውን አትክፈሉ፣ ደረሰኝ ካልሰጡ ተዉት። የመኪናችሁን ሞዴልም አስቀድማችሁ እወቁ፦ የፊት ጎማው መታጠፊያ እ.ኤ.አ. እስከ 1965 ያለው ኪንግ ፒን ነው፣ ከ1966 ወዲህ ቦል ጆይንት፤ ኪታቸው አይገናኝም። የቸርኬው ቡሎንም እስከ 1967 በአብዛኛው አምስት ነው፣ ከ1968 ወዲህ አራት።

ከዚህ ዓይነት ሱቅ ገዝታችሁ አስገጥማችሁ ከሆነ ግን ወደ አዲስ አበባ ከመነሳታችሁ በፊት የፊት ጎማ አውልቁና ዲስኩን ፓዱ የሚይዝበት መሐል ላይ ለኩት፣ ጠርዙ ላይ አይደለም። የማስተንፈሻው ቡሎን በሁለቱም በኩል ወደ ላይ መሆኑን እዩ። ቁጥሩ 8.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ መኪናውን አታንቀሳቅሱት።