የ1968ቷ ቮልስ በባሕር ዳር፦ ከሊብሬው እስከ ካንዴላው

አሮጌ መኪና ከውጭ ስለማስገባት የሚጠይቁኝ ሰዎች በዝተዋል። አብዛኞቹ ጀርመን ወይም አሜሪካ ዘመድ ያላቸው ናቸው። መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ አትድከሙ። አገር ውስጥ ያለውን ፈልጉ፤ ስታገኙም ከመኪናው በፊት ወረቀቱን እዩ። ይህን የምለው በፈረንጆቹ 1968 ሞዴል የሆነች ቮልስዋገን 1300 ከአዲስ አበባ አምጥቼ፣ ፋይሏን አዛውሬ፣ የአማራ ታርጋ አስለጥፌ፣ በጋና ክረምቱን ባሕር ዳር ላይ ከነዳኋት በኋላ ነው።

የማስገባቱን ሒሳብ ጀርመን ካለው ወንድሜ ጋር በስልክ ሠርተነው ነበር። እዚያ 30 ዓመት የሞላው መኪና ይዞታው ጥሩ ከሆነ ታርጋው መጨረሻ ላይ «ኤች» የምትል ፊደል ትጨመርለትና እንደ ቅርስ ይታያል፤ ግብሩም ይቀልለታል። አሜሪካኖችም 25 ዓመት ያለፈውን መኪና የደኅንነት ደረጃችንን አላሟላህም ብለው ከወደብ አይመልሱትም። እኛ ጋ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ መኪናው ባረጀ ቁጥር ቀረጡ ይከብዳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከ7 ዓመት በላይ ባገለገለ የቤት መኪና ላይ የጣለው ከ400 በመቶ በላይ ነው። የጉምሩክ ቀረጡ፣ ቫቱና ሱር ታክሱ ለብቻቸው አሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ እየተደመረ ነው የሚሰላው። ወንድሜ ቁጥሩን ሲሰማ «በዚህ ብር እዚህ ቤት እገዛለሁ» ብሎ ሳቀ። ጥር 2016 ላይ ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መንግሥት ከልክያለሁ ሲል ወሬው ሁሉ እዚያው ላይ አለቀ።

የቀረው መንገድ ድሮ የገባ፣ ቀረጡ በንጉሡ ወይም በደርግ ዘመን የተከፈለ መኪና መፈለግ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ ሞልቷል። ግቢ ጥግ ላይ ሣር በቅሎባቸው የቀሩትን ስታዩ ሞተር ያጡ ይመስላችኋል፤ ብዙዎቹን ያስቀራቸው ግን የወራሾች ጠብ ወይም የጎደለ ወረቀት ነው። ሻጭ መጀመሪያ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ሊያሳያችሁ ይቸኩላል። እናንተ ሊብሬውን ጠይቁ፤ ከሊብሬውም አልፋችሁ ፋይሉን። ዲክላራሲዮኑ፣ ማለትም ሲገባ የተሞላው የጉምሩክ ወረቀት፣ ፋይሉ ውስጥ አለ? መኪናው በኤምባሲ ወይም በእርዳታ ድርጅት ስም ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ፣ ወደ ግል ሲዞር ቀረጡ ተከፍሏል? ባለቤቱ ሞተው ከሆነስ የወራሽነት ማስረጃው ተሟልቷል? እነዚህ ካልተመለሱ ሞተሩ እንደ ሰዓት ቢሠራም መኪናው የግቢ ጌጥ ነው።

እኔ የገዛሁት ከአንድ ጡረተኛ አባት ነው። ወረቀታቸውን በፕላስቲክ እየጠቀለሉ፣ የቦሎ ደረሰኝ ሳይቀር በየዓመቱ ያስቀመጡ ሰው ናቸው። ከባለቤታቸው ጋር ውልና ማስረጃ መጥተው ፈረሙልኝ፤ የጋብቻ ማስረጃውን ሳይጠየቁ ነው ያወጡት። ዋጋውን ስንከራከር ትንሽ ጠንከር ብለውብኝ ነበር፤ ዛሬ ላይ ሳስበው ጭማሪውን የከፈልኩት ለዚያ ፕላስቲክ ነው። መኪናዋን አልነዳኋትም፤ መንገዱ ሰላም የሆነበትን ቀን ጠብቆ በተነሳ ኤፍ ኤስ አር አይሱዙ ላይ ጫንኳት። 820 ኪሎ አካባቢ ናት፣ ርዝመቷም ከ4 ሜትር ብዙም አያልፍ፤ ለአይሱዙው ምንም አልሆነችበትም። ዓባይ በረሃን በገመድ ታስራ ወርዳ ወጣች።

ባሕር ዳር ላይ ፋይሉ ደርሶ ምርመራ የቀረብን ቀን ግን ዋናው ጣጣ ተጀመረ። መርማሪው ወጣት ልጅ ነው፣ ቮልስ ፈትሾ አያውቅም። የሻንሲ ቁጥሩን በበሩ ሥር ፈለገ፣ ከፊት ኮፈን ውስጥ ፈለገ። ከኋላ ወንበር ሥር መሆኑን ነገርኩትና ወንበሩን አነሳንለት፤ በመካከለኛው የወለል ቱቦ ላይ ተመትቶ ይገኛል። ባትሪውም እዚያው በስተቀኝ ስለሚቀመጥ የዓመታት አሲድ ቁጥሩን በዝገት አልብሶታል። በቤንዚን በነከርነው ጨርቅ አሻሸነው፤ ከዚያ ወረቀት ለጥፎ በእርሳስ ሲፈገፍገው ቁጥሩ ብቅ አለ። 118 ብሎ ይጀምራል። ሊብሬውን ገለጠ፤ 113 ይላል።

«ጋሼ፣ ይሄ ቁጥር አይገጥምም» አለኝ። ክፉ አልነበረም፤ ፊቱ ራሱ የተጨነቀ ነው። የሆነ ዘመን ላይ የሆነ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ጸሐፊ 8ቱን 3 አድርጎ ገልብጦታል፤ ከዚያ ወዲህ ሊብሬው በታደሰ ቁጥር ስሕተቱ አብሮ ታድሷል።

ይህን ክፍል በሰፊው የምጽፈው ሌላ ቮልስ ያለው ሰው እንዲጠቀምበት ነው። ፋብሪካው ባለ 9 አኃዝ የሻንሲ ቁጥር መጠቀም የጀመረው በነሐሴ 1964 እንደ ፈረንጆቹ ነው። የመጀመሪያዎቹ 2 አኃዞች የመኪናውን ዓይነት፣ 3ኛው የሞዴሉን ዓመት ይናገራሉ፤ 115 ማለት የ1965፣ 118 ማለት የ1968 ሞዴል ነው። ከ1970 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ ቁጥሩ 10 አኃዝ ሆኗል። እንግዲህ 113 ብሎ የሚጀምር ባለ 9 አኃዝ ሊኖር አይችልም፤ የ1963 መኪና ቢሆን ቁጥሩ 7 አኃዝ ብቻ ነበር፣ የ1973 ቢሆን 10። ይህን ለኃላፊው በወረቀት ጽፌ አስረዳሁት። ሰማኝ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ «የፖሊስ ምርመራ ያስፈልጋል» አለ።

ልክ ነበር፤ የተሰረቀ መኪና ቁጥር እየተፋቀ በሚሸጥበት አገር እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ እል ነበር። ቅር ያለኝ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው የተንከራተትኩት ነው። ደብዳቤ ጻፊው አለ ሲባል ፈራሚው የለም፣ ፈራሚው ሲገኝ ማኅተም ያዡ ስብሰባ ነው። መሐል ላይ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተነሳ፦ ሊብሬው ላይ የተሠራበት ዘመን «1968» ተብሎ ተጽፏል፤ በማን አቆጣጠር? በኛ ከሆነ መኪናዋ ከ7 ዓመት በላይ ታንሳለች። የሞዴል ዓመቱ በፈረንጆቹ ከነሐሴ 1967 እስከ ሐምሌ 1968 ነው፤ በኛ ከ1959 መጨረሻ እስከ 1960። ፖሊስ ቁጥሩ እንዳልተነካካ አረጋግጦ ደብዳቤ ሲጽፍልኝ ሁለቱም ጉዳይ አብሮ ተፈታ። ወንድሜ በበኩሉ ቮልፍስቡርግ ካለው የቮልስዋገን ሙዚየም የመኪናዋን የልደት ሰርተፊኬት አስወጥቶ ላከልኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ይሰጣሉ። ቢሮው አላስፈለገውም። በፍሬም አስገብቼ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ፤ ልጆቼ የራሳቸው የልደት ካርድ ቀበሌ ቀርቶ የመኪና ተሰቀለ ብለው ይስቁብኛል።

አሁን ወደ መንዳቱ። ሞተሯ 1285 ሲሲ፣ 40 የፈረስ ጉልበት፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። ራዲያተር የለም፣ ማኒኮቶ የለም፣ የሚፈላ ውኃ የለም። ሚያዝያ ላይ የባሕር ዳር ፀሐይ አስፋልቱን ሲያቀልጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ማቀዝቀዣውን የሚያሽከረክረው ቺንጋ አንድ ብቻ ነው፤ ያው ቺንጋ ዲናሞውንም ያዞራል። ዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ የዲናሞ መብራት እየነዳችሁ ከበራ «ባትሪ ነው፣ ቤት ደርሼ አየዋለሁ» ማለት የለም፤ ዳር ይዛችሁ ወዲያው አጥፉ። ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ሞተሩ በደቂቃዎች ግሎ ይነክሳል። መለዋወጫ ቺንጋና 21 ቁልፍ ከፊት ኮፈን ውስጥ አይለዩኝም።

አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ አይሆንም። ከተማችን ያለችው 1800 ሜትር አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባ ከ2300 በላይ። ታች አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል። መጀመሪያ ላይ ስነዳት ጉልበት አጠራትና ከማርሚታው «ፓ! ፓ!» የሚል ድምፅ ታሰማ ነበር፤ ባጃጆቹ ዘወር እያሉ ያዩኛል። ካንዴላዎቹን ፈትተን ስናይ ጫፋቸው ነጭ ነው፤ ቡናማ መሆን ነበረበት። ዓባይ ማዶ ያለ ሽማግሌ መካኒክ ጂግለሩን፣ ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ፣ አንድ ደረጃ ሰፋ ባለ ቀይሮ ነገሩን ጨረሰው። ይህ ሰውዬ ሞተሩን በጆሮው ነው የሚያክመው። ቫልቭ ሪጅስትሮ የሚያደርገው (ክፍተቱን የሚያስተካክለው) ጠዋት፣ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ነው፤ ሞቆ ከመጣችሁ ቡና ጠጡና ነገ ኑ ይላል። 3ኛውን ሲሊንደር ለይቶ ያያል፤ የዘይት ማቀዝቀዣው እሱ ላይ የሚሄደውን አየር ስለሚጋርድበት በእነዚህ ሞዴሎች ቶሎ የሚቃጠለው የእሱ ቫልቭ ነው። ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ ፊልትሮም የለውም፣ ወንፊት ብቻ። ስለዚህ በ5000 ኪሎ ሜትር መቀየር ግዴታ ነው፤ እኔ ከአቧራው የተነሳ ከዚያም አስቀድማለሁ።

ለክረምት ያላት ጸባይ ድብልቅ ነው። ሞተሩ ከኋላ ጎማ ላይ ስለሚጫን ጭቃ ላይ አትንሸራተትም፤ ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ አዳዲሶቹ መኪኖች ሲቸገሩ እሷ እንደ በቅሎ ትወጣዋለች። ዝናብ መጥረጊያዋ ግን ለሐምሌ ዝናባችን አልተሠራም። የመስታወት ማጠቢያ ውኃው የሚገፋው ከመለዋወጫ ጎማው በሚመጣ አየር መሆኑን ስነግራቸው የሚያምኑኝ ጥቂት ናቸው፤ ኮፈን ከፍቼ ቱቦውን ማሳየት አለብኝ። ፍሬኑ በአራቱም ጎማ ታምቡር ነው። ፈተናው ከውኃ በኋላ ነው፤ ኩሬ ካቋረጥኩ በኋላ ወደ ግራ ትስባለች፣ ትንሽ ፍሬን እየያዝኩ አሞቃታለሁ።

ከዝገቱ የባሰ ጠላት የላትም። የሐይቁ እርጥበት ወለሉን ይበላል፣ በተለይ ከባትሪው ሥር። ባትላሜራ ቤት አስገብቼ የተበላውን ቆርጠን አዲስ ላሜራ በየድን፤ እስቱኮ ለጥፎ ቀለም የሚቀባባችሁን ሰው አትመኑ። እዚያው ሳላችሁ ባትሪውን በጎማ ክዳን ሸፍኑት። የኋላ ወንበሩ ሽቦ ስፕሪንግ ነው፤ ከባድ ሰው ሲቀመጥ ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ከነካ ያቃጥላል። አክስቴንና ሁለት ጓደኞቿን ከቅዳሜ ገበያ ስመልስ የተቃጠለ የወንበር ቃጫ ሸቶን ሦስቱም ጤፋቸውን ጥለው ወርደዋል። እሳት አልሆነም፤ አክስቴ ግን ከዚያ ወዲህ በባጃጅ ነው የምትሄደው።

ቤንዚን ከተማው ውስጥ በሊትር 11 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች። ችግሩ ፍጆታው ሳይሆን ማግኘቱ ነው። ማደያ ላይ ሰልፍ ነው፤ በሃይላንድ የሚሸጠውን ደግሞ ካርቡራተሩ አይወደውም። ርካሽ የቤንዚን ፊልትሮ ከሞተሩ ራቅ አድርጌ አስገብቻለሁ፤ በየጊዜው ስፈታው የሚወጣው ቆሻሻ ያስደነግጣል።

ዕቃ ይገኛል። መኪናዋ እስከ 2003 እንደ ፈረንጆቹ ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ ስትመረት ስለቆየች ፑንቲናው፣ ኮንደንሰሩ፣ የፍሪሲዮን ገመዱ፣ ጓርኒሲዮኑ አሁንም አዲስ ይሠራል። ያገለገለውን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ አዲሱን በዘመድ ሻንጣ። ኢንሹራንስ ላይ ሦስተኛ ወገን ያለ ጥያቄ ሰጡኝ፤ ሙሉ ዋስትና የጠየቅኩት ድርጅት መኪናዋን ከነዕድሜዋ አይቶ ዋጋ መገመት አልችልም አለ። ስለዚህ ማታ ውጭ አላሳድራትም።

ለቤቱ አንድ መኪና ብቻ የሚኖረው ሰው ይህችን አይግዛ። ልጅ ሲታመም ሌሊት የምትነሱት በእሷ ከሆነ ሞተሪኖው (ማስነሻው) በሚያኮርፍበት ቀን ታዝናላችሁ። ሁለተኛ መኪና ወይም ጎረቤት ያለው፣ እጁ ግሪስ መንካት የማይጠላ፣ ለቢሮ ወረፋም ሆድ ያለው ሰው ከሆነ ግን እዚህ ሜዳ ከተማ ላይ፣ ዘንባባው ሥር በሦስተኛ ማርሽ መሄድ የመሰለ የለም። ትራፊክ ፖሊስ እንኳ ሲያስቆመኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ትሸጣታለህ?» ብሎ ነው።

አሁን የቀረኝ ጎማ ነው። ልኳ 165 ባለ 15 ጠባብ ጎማ ሲሆን እዚህ ያሉት ጎሚስታዎች ሁሉ ሰፊውን ካልወሰድክ ይሉኛል፤ ሰፊው ደግሞ መሪ ሲዞር ፓራፋንጎውን ይነካል። የፊቶቹ ጥርስ እያለቀ ነው፣ የቴክኒክ ምርመራው ደግሞ ቀርቧል። አራት ጎማ የሚያመጣልኝ አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ ቀብድ ወስዷል፤ መንገዱ ሲከፈት በአይሱዙ ይልካቸዋል።