መብራት ሲሄድ ያላሳፈረኝ ቦርድ፦ ኢኤስፒ32 በሐይቅ ሽንኩርት ማሳ

የምኖረው ደሴ ነው፤ አጎቴ ደግሞ ሐይቅ አካባቢ በመስኖ ሽንኩርት ያለማል። የውሃ ፓምፑን በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ በኢኤስፒ32 ሠራሁለት፤ ፕሮግራም የሚጫንበትና ዋይፋይ ያለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ነው። ቦርዱ 4 ሜጋባይት ፍላሽ ሜሞሪ (መብራት ቢጠፋም የያዘውን የማይለቅ ማከማቻ) አለው። አንድ የመስኖ ወቅት ሙሉ ሠርቷል።

መጀመሪያ ፕሮግራሙን ስጭን ፍላሹን አልከፋፈልኩትም። የፍላሹን አከፋፈል የሚይዘውን፣ አንድ የፕሮግራም ፓርቲሽን (ክፍል) ብቻ ያለውን ሠንጠረዥ እንዳለ ተውኩት። ሰዓት የሚያዛባ ስህተት ሲገኝ፣ ከሩቅ የሚላክ አዲስ ፕሮግራም የሚያርፍበት ሌላ ክፍል ስላልነበረ ላፕቶፔን ይዤ ሚኒባስ መሳፈር ግድ ሆነ። ሽንኩርቱ ሁለት ቀን ውሃ አላገኘም። አጎቴ ምንም አላለኝም፤ እኔን ግን አንገበገበኝ።

እዚያው ማሳው ላይ ቁጭ ብዬ ፍላሹን እንደ አዲስ ቆረስኩት። ለፕሮግራም እኩል ሁለት ክፍል፣ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋባይት። የመስኖ ሰዓቶቹ የሚቀመጡባት ትንሽ ክፍል ለብቻዋ። ከሁለቱ የትኛው ይነሳ የሚለውን ለቡትሎደሩ (ቦርዱ ሲበራ መጀመሪያ ተነስቶ ዋናውን ፕሮግራም ለሚያስነሳው) የምትነግረው ክፍል 8 ኪሎባይት ናት። ይቺን በጣም እወዳታለሁ። ፍላሽ የሚሰረዘው በ4 ኪሎባይት ቁራጭ ስለሆነ መረጃው በሁለት ቁራጭ ተይዟል፤ አንዱ እየተጻፈ መብራት ቢጠፋ ሌላው አለ።

ከዚያ በኋላ ከደሴ ሆኜ አዲስ ፈርምዌር (የቦርዱን ፕሮግራም) ላክሁ። ኢንተርኔቱ የአጎቴ ልጅ ስልክ ነበር። ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ልቤ ቀጥ አለ! ሲመለስ ደወልኩ። አጎቴ «አብሽር ልጄ፣ ፓምፑ እየሠራ ነው» አለኝ። አዲሱ የሚጻፈው ባዶው ክፍል ላይ ስለነበር አሮጌው አልተነካም፤ ቡትሎደሩም እሱኑ አስነሳው። ማታ ደግሜ ላክሁት፣ ገባ።

ሮልባክ የሚባለውንም ከመጀመሪያው ቡትሎደሩ ላይ አብሩት። አዲሱ ፕሮግራም ተነስቶ «ደህና ነኝ» ሳይል ቦርዱ ድጋሚ ከተነሳ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። የእኔ ፕሮግራም ይህን የሚለው ዋይፋይ ካገኘና ሰዓቱን በትክክል ካነበበ በኋላ ነው።

ቅር ያሰኙኝም አሉ። ፓምፑ ሲነሳ ቮልቴጁ ይወርድና ቦርዱ ሪስታርት ያደርግ ነበር፤ የራሱ ፓወር ሰፕላይ ሳደርግለት ተወ። የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ደግሞ ዋይፋዩ ይዳከማል፤ ወደ ፕላስቲክ ሳጥን አዛወርኩት። ከሁሉ የሚከብደው ግን የፓርቲሽን ሠንጠረዡ ነው። እሱን ከሩቅ መቀየር አደገኛ ነው፤ ቅጂ ስለሌለው እየተጻፈ መብራት ከሄደ ቦርዱ አይነሳም። ስለዚህ ሳጥኑን ከመዝጋታችሁ በፊት አስባችሁ ቁረሱት። ፕሮግራሙ እያደር እንደሚሰፋም አትርሱ፤ የእኔ አሁን 1.1 ሜጋባይት ደርሷል።

አጎቴ ለታችኛው ማሳ ሁለተኛ ጠይቆኛል። ያንኑ ቦርድ ነው የምገዛለት።