«ተጠየቅ» በጽሑፍ፦ የብሪታንያ ፓርላማ የጥያቄና መልስ መዝገብ በተጠቃሚ ዓይን

በኖቬምበር 2024 አንድ እሑድ፣ ለንደን ውስጥ ከምንገለገልበት ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው አንዲት እናት የመኖሪያ ፈቃድ ካርዳቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው አሳዩኝ። በካርዱ ላይ የታተመው የማብቂያ ቀን ዲሴምበር 31 ቀን 2024 ነበር። እሳቸው ደግሞ ገናንና ጥምቀትን አዲስ አበባ ከልጆቻቸው ጋር ውለው በጃንዋሪ መጨረሻ ለመመለስ ትኬት ቆርጠዋል። ትኬቱን የሸጠላቸው ወኪል ካርዱ ካለፈበት አውሮፕላን ላይ እንደማያሳፍሯቸው፣ ስለዚህ መመለሻውን ከዲሴምበር 31 በፊት ቢያደርጉት እንደሚሻል፣ ለለውጡም እንደሚከፍሉ ነግሯቸዋል። «ልጄ፣ ገናን ሳልውል ልመለስ ነው እንዴ?» አሉኝ።

የዚያን ዕለት ማታ የከፈትሁት የብሪታንያ ፓርላማ የጽሑፍ ጥያቄዎችና መልሶች የሚመዘገቡበትን ገጽ ነው። ይህን አገልግሎት በማኅበራችን ውስጥ ደብዳቤ በማንበብና ቅጽ በመሙላት የምንረዳ ሰዎች ለዓመታት ስንጠቀምበት ቆይተናል፤ በአማርኛ ስለ እሱ የተጻፈ ነገር ግን አላጋጠመኝም። ስለዚህ ለማን እንደሚጠቅምና የት ላይ እንደሚያንስ፣ እንደማንኛውም ዕቃ ወይም አገልግሎት ገምግሜ ለማቅረብ ወድጃለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አገልግሎቱ ባጭሩ ይህ ነው። የታችኛው ወይም የላይኛው ምክር ቤት አባል የሆነ ሰው ለአንድ ሚኒስትር ጥያቄውን በጽሑፍ ያቀርባል፤ ሚኒስትሩም በጽሑፍ ይመልሳል፤ ጥያቄውም መልሱም ከጠያቂው ስም፣ ከመላሹ ስም፣ ከቀኑና ከመለያ ቁጥሩ ጋር ለማንም ሰው በነጻ ይታያል። ምዝገባ የለውም፣ ክፍያ የለውም፣ የይለፍ ቃልም አይጠይቅም። ልማዱ አሮጌ ነው፤ በ1721 ኧርል ካውፐር በላይኛው ምክር ቤት ተነሥቶ፣ ኪሳራው አገር ያናጋው የሳውዝ ሲ ኩባንያ ገንዘብ ያዥ የነበረው ሮበርት ናይት ብራስልስ ላይ ተይዟል መባሉ እውነት እንደሆነ መንግሥትን የጠየቀው፣ በታሪክ የተመዘገበው የመጀመሪያው የፓርላማ ጥያቄ ነው። መልስ በጽሑፍ መስጠት የተጀመረው በ1902 ሲሆን፣ ዛሬ የምንጠቀምበት በኮምፒዩተር የሚሠራው መዝገብ ደግሞ ከ2014 ወዲህ የመጣ ነው።

በባህላዊው ሙግታችን ባለጉዳዩ ባላጋራውን «ተጠየቅ!» ሲለው፣ የተጠየቀው ሰው ወይ ይመልሳል፣ ወይ ደግሞ መልስ ማጣቱ በችሎቱ ፊት ይታወቅበታል፤ ከሁለቱ አንዱን ሳያደርግ ከሸንጎው መውጣት አይችልም። ይህ መዝገብ የሚሠራው በዚያው ሥርዓት ነው፤ ልዩነቱ ሸንጎው ወረቀት ላይ መሆኑና በላ ልበልሃ የሚለው ዜማ መጥፋቱ ብቻ ነው።

ወደ እትዬ ጉዳይ ልመለስ። በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ «ኢቪዛ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጽፌ፣ መልስ ሰጪውን መሥሪያ ቤት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር አድርጌ ስፈልግ፣ የተለያዩ ፓርቲዎች አባላት በዚያው ሰሞን ይህንኑ ጉዳይ ደጋግመው ጠይቀዋል። ካርዱ በዚያ ቀን እንዲያበቃ የተደረገው መንግሥት የፕላስቲክ ካርዱን ትቶ በኢንተርኔት ወደሚታይ ኢቪዛ ስለሚሸጋገር እንደሆነ፣ የካርዱ ቀን ማለፍ የሰውየውን የመኖሪያ መብት እንደማያቋርጠው፣ አካውንቱንም በነጻ መክፈት እንደሚቻል ከዚያ አገኘሁ። ይህ መረጃ በመንግሥት መመሪያ ውስጥም አለ፤ ነገር ግን መመሪያ በአጠቃላይ ይናገራል፣ ጥያቄ ግን አንድ የምክር ቤት አባል የመራጩን ጭንቀት ይዞ «እንዲህ ያለው ሰውስ?» ብሎ ስለሚያቀርበው፣ መልሱ የእኛን ጉዳይ ይበልጥ ይመስላል። በዲሴምበር መጀመሪያ ላይ መንግሥት አየር መንገዶች ቀኑ ያለፈበትን ካርድ እስከ ማርች 31 ቀን 2025 እንዲቀበሉ እንደሚፈቅድ አስታወቀ፤ በኋላም ቀኑ እስከ ጁን 1 ተራዘመ። ያን አትሜ ከነመለያ ቁጥሮቻቸው መልሶቹን አያይዤ ለእትዬ ሰጠኋቸው፤ የኢቪዛ አካውንታቸውንም አብረን ከፈትን፣ የፓስፖርታቸውን ፎቶ ለማንሳት ብቻ ስልኩ ሰባት ጊዜ ያህል አስቸገረን።

አሁን ወደ አሠራሩ። በታችኛው ምክር ቤት ሁለት ዓይነት የጽሑፍ ጥያቄ አለ። አንደኛው ተራው ሲሆን፣ በልማድ በአንድ የሥራ ሳምንት ውስጥ መልስ ይጠበቅበታል። ሁለተኛው ቀን የተቆረጠለት ነው፤ ጠያቂው መልሱን የሚፈልግበትን ቀን ራሱ ይወስናል፣ ይሁን እንጂ አንድ አባል በአንድ ቀን ከ5 በላይ እንደዚህ ያለ ጥያቄ ማቅረብ አይችልም። በላይኛው ምክር ቤት የሚጠበቀው ጊዜ 10 የሥራ ቀን ነው። በወረቀት ላይ ይህ ግሩም ነው። በተግባር ግን ቀን የተቆረጠለት ጥያቄ ቀኑ ሲደርስ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ጊዜያዊ መልስ ነው፤ ይኸውም ሚኒስትሩ በተቻለ ፍጥነት እመልሳለሁ ብሎ ቀኑን ያሳልፈዋል። በዓመት የሚቀርቡት ጥያቄዎች በአሥር ሺህዎች ስለሚቆጠሩ መሥሪያ ቤቶቹ ቢጨናነቁ አይደንቅም፤ የታችኛው ምክር ቤት የሥነ ሥርዓት ኮሚቴም የትኛው መሥሪያ ቤት በሰዓቱ እንደሚመልስና እንደማይመልስ ይከታተላል።

ከዘገየ መልስ የሚብሰው የሞተ ጥያቄ ነው። የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ሲዘጋ ያልተመለሱ ጥያቄዎች ሁሉ ወድቀው ይቀራሉ። በሜይ 2024 የጠቅላላ ምርጫው ጥሪ በድንገት ሲመጣ ፓርላማው የተዘጋው ከሁለት ቀን በኋላ ስለነበረ፣ መልስ ይጠባበቁ የነበሩ ጥያቄዎች እንዲሁ ቀሩ። አዲሱ ምክር ቤት ሲሰበሰብ ጥያቄውን እንደገና የሚያነሣ ሰው ካልተገኘ ጉዳዩ ተረስቷል ማለት ነው፤ የጠየቀው አባልም በምርጫው ተሸንፎ ሊሆን ይችላል።

ስለ መልሶቹ ጥራት ደግሞ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ይህን መዝገብ የሚያዘወትር ሰው ሦስት አባባሎችን በቃሉ ይይዛቸዋል፦ «የተከበሩት አባል ከዚህ ቀደም የሰጠሁትን መልስ ይመልከቱ»፣ «መረጃው በተጠየቀው አኳኋን አልተሰበሰበም»፣ «መረጃውን ለማግኘት ከጥቅሙ ጋር የማይመጣጠን ወጪ ይጠይቃል»። ሦስተኛው አባባል ልክ አለው፤ መልሱን ለማዘጋጀት ከ850 ፓውንድ በላይ የሚያስወጣ ከሆነ ሚኒስትሩ ላለመመለስ ይችላል። ይህ ገደብ በራሱ ምክንያታዊ ነው፤ የሚያሳዝነው ግን መዝገብ አያያዙ የተዝረከረከ መሥሪያ ቤት መረጃውን ለማውጣት ብዙ ወጪ ስለሚያስፈልገው፣ ዝርክርክነቱ ከመጠየቅ የሚያድነው መሆኑ ነው።

ሽሽት አንድ ነገር ነው፣ ማሳሳት ግን ሌላ። በ1992 ለኢራቅ የጦር መሣሪያ መሥሪያ ማሽን ሸጣችኋል ተብለው የተከሰሱት የማትሪክስ ቸርችል ኩባንያ ኃላፊዎች ችሎት ከፈረሰ በኋላ፣ ዳኛው ሰር ሪቻርድ ስኮት ጉዳዩን እንዲመረምሩ ተሾሙ። በፌብሩዋሪ 1996 ያወጡት ሪፖርት ሚኒስትሮች ስለ ጦር መሣሪያ ሽያጭ ፖሊሲ ለፓርላማ ጥያቄዎች የሰጧቸውን መልሶች አጥብቆ ነቀፈ። በማርች 1997 ሁለቱም ምክር ቤቶች ሚኒስትሮች ትክክለኛና እውነተኛ መረጃ የመስጠት፣ ስህተት ከሠሩም በመጀመሪያው አጋጣሚ የማረም ግዴታ እንዳለባቸው በውሳኔ አጸኑ። የዛሬው ተጠቃሚ የዚያን ውሳኔ ፍሬ በዓይኑ ያየዋል፤ የታረመ መልስ ሲኖር እርማቱ ከመጀመሪያው መልስ ጋር ጎን ለጎን ይቀመጣል እንጂ አሮጌው አይደለዝም። በዚህ ነጥብ ላይ አገልግሎቱን ሳላመነታ አደንቃለሁ።

በዓመታት ውስጥ የተማርሁት ነገር ቢኖር የመልሱ ጥራት በአብዛኛው በጠያቂው እጅ መሆኑን ነው። «መንግሥት የስደተኛ ቤተሰቦችን ለማገናኘት ምን እያደረገ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ መንግሥት ለጉዳዩ ከፍተኛ ትኩረት ሰጥቶ እየሠራ እንደሚገኝ የሚገልጽ መልስ ይመጣል፤ ይህ አነጋገር ለአማርኛ ዜና አድማጭ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። «ባለፈው ሩብ ዓመት ከቀረቡት ማመልከቻዎች ከ6 ወር በላይ ሳይወሰንላቸው የቆዩት ስንት ናቸው?» ሲባል ግን፣ ሚኒስትሩ ወይ ቁጥሩን መስጠት ወይ ቁጥሩ የለኝም ማለት ይኖርበታል። ሁለተኛውም ቢሆን ዜና ነው፤ መሥሪያ ቤቱ የራሱን ሥራ እንደማይቆጥር አምኗልና።

አንዳንዴ ደግሞ መልሱ ለዓመታት አለመለወጡ ራሱ መረጃ ይሆናል። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉት ንዋያተ ቅድሳት፣ በተለይም በብሪቲሽ ሙዚየም ተከማችተው አንድም ቀን ለሕዝብ ያልታዩት 11 ታቦታት፣ በላይኛው ምክር ቤት ተነሥተዋል። የመንግሥት መልስ ጠያቂውም ሆነ መላሹ ቢለወጥ ፍሬ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ሙዚየሙ ከመንግሥት ነጻ የሆነ ተቋም ነው፣ ውሳኔውም የባለአደራዎቹ ነው። ባለአደራዎቹ ደግሞ በ1963 የወጣው የብሪቲሽ ሙዚየም አዋጅ ዕቃ ከማውጣት ያግደናል ይላሉ፤ ያን አዋጅ መለወጥ የሚችለው ፓርላማው ነው። ይህን ዙሪያ ጥምጥም ከመዝገቡ ላይ በተርታ ሲያነቡት ኳሷ ከማን ወደ ማን እንደምትሄድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለሚፈልግ ሰው አንድ ማሳሰቢያ፦ መቅደላ በእንግሊዝኛ አንዳንዴ «ማቅዳላ» አንዳንዴ «ማግዳላ» ተብላ ስለምትጻፍ ሁለቱንም መሞከር ያስፈልጋል።

ለዕለት ተዕለት አጠቃቀም፣ በአባሉ ስም፣ በመሥሪያ ቤቱ፣ በቀኑ፣ በመለያ ቁጥሩ፣ እንዲሁም ተመልሷል ወይም አልተመለሰም በሚል መለየት ይቻላል። የሚያስቸግረው ቋንቋው ነው። ጥያቄም መልስም የተጻፈው በመሥሪያ ቤት እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ እትዬን የመሰለ ሰው ያለ አስተርጓሚ ሊጠቀምበት አይችልም። በየቀኑ ገጹን መክፈት ለማይፈልግ ሰው፣ ማይ ሶሳይቲ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ዘይ ወርክ ፎር ዩ በሚባለው ድረ ገጹ አንድ ቃል ሲመዘገብለት ቃሉ በተነሣ ቁጥር ኢሜይል ይልካል። እኔ «ኢትዮጵያ» እና «ኢቪዛ» የሚሉትን በእንግሊዝኛ አስመዝግቤአለሁ።

ትልቁ ጉድለት ተራው ሰው ራሱ መጠየቅ አለመቻሉ ነው። መንገዱ በመኖሪያ ሠፈሩ የተመረጠውን የምክር ቤት አባል በደብዳቤ ወይም በኢሜይል ማነጋገር ነው፤ አድራሻና ፖስታ ኮድ መጻፍ አይዘንጋ፣ አባላቱ በልማድ የሚያስተናግዱት የራሳቸውን ነዋሪ ብቻ ነውና። ይህ ካልተሳካ የመረጃ ነጻነት አዋጁ አለ፤ በእሱ ማንኛውም ሰው በቀጥታ ይጠይቃል፣ መልሱም በ20 የሥራ ቀን ውስጥ ይጠበቃል፣ ለማዕከላዊ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የወጪው ገደብ ግን ወደ 600 ፓውንድ ዝቅ ይላል። ቁጥር ወይም ሰነድ ለሚፈልግ ሁለተኛው ይሻላል፤ ሚኒስትሩ በስሙ ቃል እንዲሰጥ ለሚፈልግ የመጀመሪያው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን ሰጥቶታል። ብዙዎቻችን የምናውቀው በቴሌቪዥን የሚተላለፈውን የቃል ጥያቄና መልስ ነው። የቃል መልስ ለመስማት ይጥማል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ «ምን ነበር ያሉት?» ብሎ ለሚመለስ ሰው ግን ቀንና ቁጥር ያለው አጭር ጽሑፍ ይሻላል። እኔ ለዚህ አገልግሎት ከአምስት ኮከብ አራት የምሰጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ አምስተኛዋን የነፈግሁት ለጊዜያዊ መልሶቹ ነው።

እትዬ ገናንም ጥምቀትንም ውለው በጃንዋሪ መጨረሻ ተመለሱ። በቦሌ ጊዜው ያለፈበትን ካርድና ያተምሁላቸውን ወረቀት አብረው አቀረቡ፤ የመግቢያው ሠራተኛ ወረቀቱን ሳያነብ ካርዱን ብቻ አይቶ አሳለፋቸው። ከመጡ በኋላ ድፎ ዳቦና ቡና ይዘው አዳራሹ ድረስ መጥተው፣ ያን ጥያቄ የጠየቀልን ሰው ማን እንደሆነና በየትኛው ሠፈር እንደሚኖር ጠየቁኝ። ከለንደን በባቡር ብዙ ሰዓት ከሚያስኬድ ከተማ የተመረጠ ሰው መሆኑን ስነግራቸው፣ ስኒያቸውን አስቀምጠው «እኛን ሳያውቀን?» አሉ።