አሮጌውን ሃርድ ዲስክ አትስጡ፦ በርካሽ ስለሚሸጥ «ትልቅ» ኤስኤስዲ ማስጠንቀቂያ

አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስክ ፋንታ የሚገጠም፣ የማይሽከረከር ፈጣን ማከማቻ) ለማስገባት ላሰባችሁ ሁሉ። «አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ተቀብለን፣ በትንሽ ጭማሪ 2 ቴራ ኤስኤስዲ እንገጥምላችኋለን» የሚል ሻጭ ካገኛችሁ እሺ እንዳትሉ። ቢያንስ ይህን አንብባችሁ እስክትጨርሱ ድረስ።

ኤስኤስዲ ማስገባቱ በራሱ በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። ለቀርፋፋ ላፕቶፕ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላውቅም። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንድ ፋይል ለማንበብ ጭንቅላቱን ወዲያ ወዲህ ማንቀሳቀስ፣ ከዚያም ዲስኩ ዞሮ እስኪደርስለት መጠበቅ አለበት። በየፋይሉ 10 ሚሊሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ ያንኑ ሥራ ከ1 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። ዊንዶውስ ሲነሳ ብዙ ጥቃቅን ፋይሎችን ስለሚያነብ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ትንሹን ኤስኤስዲ «2 ቴራ ነው» ብለው የሚሸጡ አጭበርባሪዎችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። ፎርጅዱ ኤስኤስዲ እንኳ ከደከመ ሃርድ ዲስክ ሊፈጥን ይችላል። ገዢው ላፕቶፑ ቶሎ ሲነሳለት ያያል፣ ማይ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ለ2 ቴራ የቀረበ ቁጥር ያነባል፣ ደስ ብሎት ይሄዳል። ጉዱ የሚወጣው በኋላ ነው።

የአክስቴ ልጅ የገጠማት ይኸው ነው። 500 ጊጋ ሃርድ ዲስኳን ሰጥታ፣ ጨምራ ከፍላ «2 ቴራ» (2,000 ጊጋ ገደማ) ኤስኤስዲ አስገባች። ፋይሎቿ ሲገለበጡ መቶ ጊጋ እንኳ ስላልሞሉ ሁሉም በትክክል ይከፈቱ ነበር። ቦታው ሰፊ ነው ብላ ቪዲዮና ፎቶ ከስልኳ እያወረደች ትጭንበት ጀመር። ከሳምንታት በኋላ አንዳንድ ፎቶዎች ግማሽ ድረስ ብቻ እየታዩ የቀረው ግራጫ ይሆን ጀመር። ቪዲዮዎቹ መሃል ላይ ቆመው ይቀራሉ። የፋይሎቹ ስም አለ፣ መጠናቸውም እንደ ድሮው ይታያል፤ ስትከፍታቸው ግን ተበላሽተዋል። በመጨረሻ ዊንዶውሱም አልነሳ አለ።

ኤስኤስዲውን አውጥተን ስንፈትሸው እውነተኛ ቦታው 119 ጊጋ ሆኖ ተገኘ። ሻጩ ዘንድ ተመልሳ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ስትጠይቅ «ፎርማት ተደርጎ ተሸጧል» ተባለች። የዓመታት ፎቶዎቿ ሌላ ቅጂ አልነበራቸውም። እኔን ከገንዘቡ በላይ ያናደደኝ ይህ ነው። ገንዘብ ይተካል። አሮጌውን ዲስክ መቀበላቸው ለእናንተ እንደ ቅናሽ ይቀርባል፤ ለእነሱ ግን ዋናውን ማስረጃና መመለሻ መንገዳችሁን የሚወስዱበት ዘዴ ነው።

ማታለያው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። በእያንዳንዱ ኤስኤስዲ ውስጥ ኮንትሮለር የሚባል ቺፕ አለ። ላፕቶፑ «ስንት ቦታ አለህ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልሰው እሱ ነው። ላፕቶፑ ደግሞ የተነገረውን ያምናል እንጂ ገብቶ አይቆጥርም። አጭበርባሪዎቹ የኮንትሮለሩን ሶፍትዌር ቀይረው 128 ጊጋውን (ዊንዶውስ ላይ 119 ሆኖ የሚታየውን) «2 ቴራ ነኝ» ያስብሉታል። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ አዲሱ ፋይል በአሮጌው ላይ ይጻፋል፣ ወይም ጭራሽ ሳይጻፍ ተጽፏል ይባላል። የፋይሎቹ ስም ዝርዝር የሚቀመጠው ለብቻው ስለሆነ ማውጫው ሙሉ ይመስላል። ፈጣን ፎርማት ማድረግም የሚጽፈው ያንኑ ዝርዝር ብቻ ነው። ስለዚህ «ይኸው ፎርማት አድርጌ አሳየኋችሁ» ቢሏችሁ ምንም ማረጋገጫ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ፤ በከንቱ ከሻጭ ጋር እንዳትጣሉ። እውነተኛ 1 ቴራ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋ ሆኖ ይታያል። ይህ ማጭበርበር አይደለም። አምራቾች ቴራን በ1,000 እያባዙ ይቆጥሩታል፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1,024። ኤስኤስዲው ተከፍቶ ትንሽ ቦርድ ብቻ ቢታይም እንዲሁ ፎርጅድ ነው ለማለት አይበቃም። ዛሬ ብዙ ሐቀኛ የ2.5 ኢንች (የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክን መጠን የያዙ) ኤስኤስዲዎችም ውስጣቸው አብዛኛው ባዶ ነው።

ዋናው ማረጋገጫ አንድ ነው፦ ዲስኩን ጥግ ድረስ ሞልቶ መልሶ ማንበብ። ይህን የሚሠሩ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። ለዊንዶውስ ኤች2ቴስትደብሊው፣ ለሊኑክስና ለማክ ኤፍ3 ይባላሉ። ባዶውን ዲስክ በሙከራ ፋይሎች ይሞሉታል፣ ከዚያ አንድ በአንድ መልሰው ያነባሉ፣ የጻፉትና ያነበቡት ካልተመሳሰለ ይናገራሉ። ኤስኤስዲው እውነተኛ ከሆነ ምንም ስህተት አይኖርም። ፎርጅድ ከሆነ ይህን ያህሉ ደህና ነው፣ ይህን ያህሉ ጠፍቷል ብለው ቁጥሩን ያወጡታል።

ላፕቶፑን መፍታት ከመጀመራችሁ በፊት ሙከራውን አድርጉ። ከሳታ (ዲስኩ ከላፕቶፕ ጋር ከሚገናኝበት መሰኪያ) ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ኬብል ያስፈልጋችኋል። ውድ ዕቃ አይደለም፤ በኋላም ፋይል ለመገልበጥ ትጠቀሙበታላችሁ። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ዩኤስቢ 2 ብቻ ካለ 1 ቴራ መሙላት ብቻውን 8 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ መልሶ ማንበቡም እንደዚያው። ትዕግሥት ያስጨርሳል፣ አውቃለሁ። ማታ አስጀምሩትና ተኙ። ዩኤስቢ 3 ካለ ከዚያ እጅግ ያጥራል። ሻጩ «ይህን ለመሞከር ጊዜ የለም» ካለ ዕቃውን ትታችሁ ውጡ።

ሙከራው ካለፈ በኋላ ፋይላችሁን ገልብጡ፣ ኤስኤስዲውን ግጠሙ፣ ተጠቀሙበት። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ግን መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። ሌላ ሰው የሚገጥምላችሁ ከሆነም የወጣውን ዲስክ እዚያው ቆማችሁ በእጃችሁ ተቀበሉ፤ ንብረታችሁ ነው። ሌላም ምክንያት አለ። ፋይል ማጥፋትና ፈጣን ፎርማት ማድረግ መረጃውን ከዲስኩ ላይ አይፍቀውም። የቤተሰብ ፎቶ፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ የተቀመጠ የይለፍ ቃል፣ ሁሉም ዲስኩን ለገዛው ሰው ሊደርስ ይችላል።

የዋጋውን ነገር በአጭሩ ልበል። ለተራ ተጠቃሚ ከተሠሩት የ2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲዎች ትልልቅ ከሚባሉት አንዱ ሳምሰንግ በ2020 ያወጣው 8 ቴራ ነው፣ እሱም ውድ ነው። 16 ወይም 30 ቴራ ተብሎ በርካሽ የቀረበ ካያችሁ መሞከርም አያስፈልገውም። 2 ቴራ ግን እውነተኛም ስላለ አደገኛ ነው፤ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የታወቁ አምራቾች ያንኑ መጠን በስንት እንደሚሸጡ አነጻጽሩ። ግማሽ ዋጋ ከሆነ ሌላው ግማሽ ቦታ የለም ብላችሁ ጠርጥሩ። እኔ በበኩሌ ለአሮጌ ላፕቶፕ ከታወቀ አምራች የተገዛ 500 ጊጋ ይበቃል ባይ ነኝ።

ሌላው ወጥመድ «አዲስ» ተብሎ የሚሸጥ ያገለገለ ዲስክ ነው። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራና ስንት ጊዜ እንደተነሳ ያሳያል። አዲስ ዕቃ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ግን ይህም ቁጥር ሊሰረዝ ይችላል። በ2025 መጀመሪያ ላይ ያገለገሉ፣ ሲጌት የተባለው አምራች የሠራቸው የሰርቨር ሃርድ ዲስኮች ሰዓታቸው ዜሮ ተደርጎ እንደ አዲስ ሲሸጡ ተደርሶባቸዋል። ያጋለጣቸው አጭበርባሪዎቹ ያልነኩት፣ በዲስኩ ውስጥ ለብቻው የሚያዝ ሌላ መዝገብ ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰዓት የሠሩ ነበሩ። ስለዚህ ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ አትግዙ፣ ዜሮ ከሆነም ሙከራውን አትዝለሉ።

ዕቃው እውነተኛ ሆኖም ለእናንተ ላፕቶፕ የማይሆንበት ጊዜ አለ። «ኤንቪኤምኢ ውሰዱ፣ ፈጣኑ እሱ ነው» ይሏችኋል፤ ከሳታ በተለየ መንገድ የሚገናኝ የኤስኤስዲ ዓይነት ነው። እውነት ነው ፈጣን ነው፤ ሳታ በሰከንድ ከ550 ሜጋባይት ገደማ አያልፍም፣ ኤንቪኤምኢ ግን ከ3,000 የሚበልጥ አለ። አሮጌው ላፕቶፕ ግን ኤም.2 የሚባለው ቀዳዳ (ቀጭን ቦርድ የሚመስሉ ኤስኤስዲዎች የሚሰኩበት) ቢኖረውም ሳታ ብቻ ሊቀበል ይችላል። ኤንቪኤምኢው ልክክ ብሎ ይገባል፣ ብሎኑም ይታሰራል፣ ላፕቶፑ ግን አያየውም። የላፕቶፑን ሞዴል ቁጥር ይዛችሁ የአምራቹን መመሪያ ሳታዩ አትክፈሉ። ኤም.2 ቀዳዳ ከሌለው ጉዳዩ ቀላል ነው፤ የ2.5 ኢንች ሳታ ግዙ፣ የአብዛኞቹ ውፍረት 7 ሚሊሜትር ስለሆነ ይገባል።

ይህን የምታነቡት ገዝታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ከሆነና ፎቶዎቻችሁ ግራጫ እየሆኑ ከሆነ፣ በዲስኩ ላይ ምንም አዲስ ነገር አትጫኑ። የሚከፈተውን ሁሉ ዛሬውኑ ወደ ሌላ ዲስክ አውጡ። ከዚያ ኤስኤስዲው ላይ ሙከራውን አስኪዱና የውጤቱን ፎቶ ከደረሰኙ ጋር ይዛችሁ ሂዱ። ሽፋኑን አትክፈቱት፣ «እናንተ ናችሁ የነካካችሁት» ይላሉ። ከሁሉ በፊት ግን አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ጠይቁ። ገና ካልተሸጠና ፈጣን ፎርማት ብቻ ከተደረገበት፣ ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ ፋይሎቹ አሁንም እዚያው አሉ። ዊንዶውስ ሳትጭኑበት በዩኤስቢ ኬብሉ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኙት፤ ፎቶሬክ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ፎቶና ቪዲዮዎቹን ሊያወጣላችሁ ይችላል። የሚያወጣውን ግን ወደ ሌላ ዲስክ አስቀምጡት እንጂ እዚያው ላይ መልሳችሁ አትጻፉ።