የ20 ሊትር የባትሪ መርጫ፣ ሁለት ዙር ቲማቲም ካመረትኩበት በኋላ

መቂ አካባቢ መሬት ተከራይቼ ቲማቲም ነው የማመርተው፣ ይሄን ጀርባ ላይ የሚታዘል የባትሪ መርጫ ከገዛሁ ሁለት ዙር ስላነሳሁበት ለመግዛት ለምታስቡ ልንገራችሁ።

ስራው ላይ ምንም አይወጣለትም። በእጅ የሚፓምፑትን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ማታ ትከሻህ የራስህ አይመስልህም፣ ይሄ ግን ማብሪያውን ተጭኖ መሄድ ብቻ ነው። ቻርጁ ግማሽ ቀን ይቆያል፣ መብራት የጠፋ ቀን ያው ጌጥ ነው ስለዚህ አሮጌውን እንዳትሸጡት። ሲረጭ ደቃቅ ስለሆነ ቅጠሉን ከስር ያገኘዋል፣ ለቱታ (ቲማቲም የሚያጠፋው ተባይ) ደሞ ወሳኙ እሱ ነው፣ ትሉ ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ ስለሚበላ ላይ ላዩን መርጨት ብር መድፋት ነው። ቱታ በ2004 አገር ውስጥ ከገባች ወዲህ ቲማቲም ያለ መድሃኒት የለም በቃ።

ችግሩ ክዳኑ ነው። ጎማው በሁለተኛው ወር ላላ፣ ሲሞላ ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ነው፣ ልጁ ጎንበስ ባለ ቁጥር መድሃኒቱ ማጅራቱ ላይ ይወርዳል። የቀን ሰራተኛ ነው፣ በቲሸርትና በነጠላ ጫማ ነበር የሚረጨው፣ «ጋሼ ጀርባዬን አቃጠለኝ» እስኪለኝ አላየሁም። ሻጩ ጋር ስደውል መለዋወጫ የለም አዲስ ግዛ አለኝ፣ ክዳኑን በፌስታል አስረን ጨረስን። አፍሬበታለሁ።

ጓንትና ማስክ ለምን አልገዛህም የምትሉ ልክ ናችሁ። ግን የመስኖ ፓምፑ ናፍጣ፣ ዘሩ፣ ማዳበሪያው፣ እንጨቱና ሲባጎው ሁሉም ቀድሞ የሚወጣ ብር ነው፣ ደላላው ዋጋ የሚነግርህ ደሞ ቲማቲሙ ቀልቶ ማደር በማይችልበት ሰአት ነው። ባለፈው ሃይሌ ጋርመንት (የአዲስ አበባው አትክልት ገበያ) ሞልቷል ብሎ የሳጥኑን ዋጋ በአንድ ሌሊት ግማሽ አደረገው፣ እምቢ ብዬ የት ልወስደው? እና ብር ሲያጥር መጀመሪያ የምትቀንሰው ሰራተኛው ላይ ነው፣ እኔም ያንኑ ነው ያደረግኩት።

በዚህኛው ዙር ጓንት፣ ቦቲና ቱታ ገዛሁለት (ለቱታ ቱታ ብሎ ሲስቅብኝ ነበር)። ዋጋው እኔ ከምገዛው አንድ ሊትር መድሃኒት ብዙም አልበለጠም፣ ያናደደኝም እሱ ነው። ከረፋዱ በኋላ ግን ሙቀቱ አያስለብስም፣ ስለዚህ ገና ጎህ ሲቀድ ነው የምንጀምረው።

መርጫውን ግዙ፣ ግን ብር ሳትከፍሉ ሱቁ ውስጥ ንጹህ ውሃ ሞልታችሁ እዘሉትና ጎንበስ በሉ፣ አንገታችሁ ከረጠበ እዛው መልሱለት።